ፈጣኑ ብልቃጥ፣ ዘገምተኛው ብልቃጥ

«ዶክተር፣ አፍንጫ የሚከፍተውን ስጪኝ እስቲ።» ፋርማሲ መስኮት ላይ እንዲህ የሚል ሰው የመድኃኒቱን ስም አይጠራም። አፍንጫ ውስጥ የሚነፋ ነገር ሁሉ አንድ ይመስለዋል። ባለሙያዋ ግን ከኋላዋ ባለው መደርደሪያ ላይ ቢያንስ ሦስት ዓይነት ብልቃጥ አላት። አንደኛው በደቂቃዎች ውስጥ ይከፍታል፤ ከጥቂት ቀናት በላይ ሲወሰድ ግን ራሱ መድፈን ይጀምራል። ሁለተኛውን ዛሬ ነፍተው ዛሬ ብዙ ለውጥ አያዩም፤ ለሳምንታት ሳያቋርጡ ሲወስዱት ነው ሥራው የሚታየው። ሦስተኛው ጨውና ውኃ ነው።

ብዙውን ጊዜ ችግር የሚመጣው ሰዎች የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ሲያለዋውጧቸው ነው። ዘገምተኛውን «አልሠራልኝም» ብለው በሦስተኛው ቀን ይጥሉታል። በሦስተኛው ቀን መጣል የነበረበትን ፈጣኑን ደግሞ ወራት ሙሉ በኪሳቸው ይዘውት ይዞራሉ። የትኛው ብልቃጥ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚወሰድ ለመለየት አስቀድሞ አፍንጫ ሲደፈን ውስጡ ምን እንደሚሆን ማየት ያስፈልጋል።

አፍንጫን የሚደፍነው ምንድን ነው?

አፍንጫው የታፈነበት ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው መናፈጥ ነው። ይናፈጣል፤ ትንሽ ነገር ይወጣል፤ አፍንጫው ግን ድፍን እንዳለ ነው። ደግሞ ይናፈጣል፤ አሁን የሚወጣም የለም። በአብዛኛው መንገዱን የዘጋው ንፍጥ ሳይሆን በደም ተሞልቶ ያበጠ ሥጋ ስለሆነ የቱንም ያህል ቢናፈጥ አይወጣም።

በእያንዳንዱ የአፍንጫ ቀዳዳ ውስጥ፣ በጉንጭ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ፣ ተርቢኔት የሚባሉ ሦስት የተጠቀለሉ ቀጫጭን አጥንቶች ከላይ ወደ ታች ተደርድረዋል። አጥንቶቹን እርጥብና ስስ ሽፋን ያለብሳቸዋል። ከሽፋኑ ሥር በደም የሚሞሉና የሚጎድሉ ሰፋፊ የደም ሥሮች ተጠላልፈው ይገኛሉ። ትልቁ ተርቢኔት የታችኛው ነው። መስተዋት ፊት ቆሞ ባትሪ አብርቶ አፍንጫው ውስጥ የሚመለከት ሰው ሮዝ መልክ ያለው እብጠት ያያል፤ «አፍንጫዬ ውስጥ ሥጋ በቅሏል» ብሎ የሚደነግጥ ብዙ ሰው ያየው ይህንኑ ከልደቱ ጀምሮ አብሮት ያለውን አካል ነው።

የተርቢኔቶቹ ሥራ አየር ማዘጋጀት ነው። አንድ አዋቂ በቀን 10,000 ሊትር ያህል አየር ይተነፍሳል። አየሩ የሐምሌ ብርድም ይሁን የበጋ አቧራ፣ ሳንባ ከመድረሱ በፊት መሞቅ፣ መርጠብና መጣራት አለበት። ሙቀቱ ከደሙ፣ እርጥበቱ ከሽፋኑ ይመጣል። አቧራውንና ተሕዋስያኑን የሚይዘው ንፍጡ ነው። ሲሊያ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ፀጉር መሰል ነገሮች ንፍጡን ሌት ተቀን ወደ ጉሮሮ ይገፉታል፤ እኛም ሳናውቀው እንውጠዋለን።

ጤነኛ አፍንጫ እንኳ ሁለቱን ቀዳዳዎች እኩል አይከፍትም። በአንደኛው በኩል ያሉት የደም ሥሮች ሲሞሉ የሌላኛው ይጎድላሉ፤ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ተራ ይለዋወጣሉ። ጀርመናዊው ሐኪም ሪቻርድ ካይዘር ይህን ተራ በ1895 እ.ኤ.አ. ጽፎበታል። በጎን ስንተኛ ደግሞ ወደ ታች የሆነው ቀዳዳ ይጠብባል። ስለዚህ አንዱ ቀዳዳ ለጥቂት ሰዓታት ጠበብ ማለቱ በሽታ አይደለም፤ መድኃኒትም አይሻም።

ጉንፋን ሲይዝ ወይም አለርጂ ሲነሳ ግን የሁለቱም ወገን የደም ሥሮች አንድ ላይ ይሰፋሉ፤ ሽፋኑ ፈሳሽ ይቋጥራል፤ ንፍጡም ይበዛል። ጋደም ሲሉ ደም ወደ ጭንቅላት ስለሚያደላ እብጠቱ ይብሳል። ቀኑን ሲሠራ የዋለ ሰው ማታ አልጋው ላይ በአፉ ሲተነፍስ የሚያድረው ለዚህ ነው። ትራስ ደራርቦ ራስን ከፍ አድርጎ መተኛት የሚረዳውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ፈጣኑ ብልቃጥ

እብጠቱ የደም ሥር መስፋት ከሆነ አቋራጩ መፍትሔ የደም ሥሩን ማጥበብ ነው። ሰዎች ይህን ከተረዱ ቆይተዋል። በ1885 ጃፓናዊው ኬሚስት ናጋይ ናጋዮሺ፣ ማ ሁዋንግ ከሚባለው የቻይና ባህላዊ መድኃኒት የደም ሥርን የሚያጠብበውን ኤፌድሪን ለይቶ አወጣ። በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ቤንዘድሪን የሚባል በአፍንጫ የሚሳብ ቱቦ ያለ ሐኪም ማዘዣ ይሸጥ ነበር። ውስጡ ያለው መድኃኒት አምፌታሚን ነው። ሰዎች ቱቦውን እየሰበሩ በመድኃኒቱ የራሰውን ወረቀት መዋጥ ስለጀመሩ በ1959 ያለ ማዘዣ መሸጡ ተከለከለ። የዛሬዎቹ መድኃኒቶች እንደ አምፌታሚን አእምሮን አያነቃቁም። ዋናዎቹ ዛይሎሜታዞሊንና ኦክሲሜታዞሊን ናቸው። ኦክሲሜታዞሊን በ1961 ጀርመን ውስጥ፣ መርክ በሚባለው ኩባንያ የተሠራ ነው። ኦትሪቪን ወይም አፍሪን የሚል ስም ያላቸው ብልቃጦች ብዙውን ጊዜ የሚይዙት ከእነዚህ አንዱን ነው። በንግድ ስም ብቻ መተማመን ግን አይበጅም፤ በአንድ የንግድ ስም ሥር የተለያየ መድኃኒት ሊሸጥ ስለሚችል ከስሙ በታች በትንሹ የተጻፈውን የመድኃኒት ስም ማንበብ ያስፈልጋል።

እነዚህ መድኃኒቶች በደም ሥሮቹ ግድግዳ ላይ ያሉትን አድሬናሊን የሚቀበሉ ተቀባዮች ይነካሉ። የደም ሥሮቹ ይኮማተራሉ፤ ተርቢኔቱ ይሟሽሻል፤ አየር ይገባል። ይህ ሁሉ በደቂቃዎች ውስጥ የሚያልቅ ነው። እፎይታው በዛይሎሜታዞሊን እስከ 10፣ በኦክሲሜታዞሊን እስከ 12 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ጉንፋን ለያዘው፣ እንቅልፍ ላጣ፣ ነገ ማለዳ አውሮፕላን ለሚሳፈር ሰው ትልቅ ነገር ነው።

ታዲያ ጉዳቱ ምኑ ላይ ነው? ተቀባዮቹ በየዕለቱ ሲነኩ ይደክማሉ። ያው መጠን ያነሰ ሥራ ይሠራል፤ መድኃኒቱ ሲያልቅ ደግሞ የደም ሥሮቹ ከበፊቱ ይበልጥ ይሰፋሉ። ተጠቃሚው ጉንፋኑ ያልለቀቀው ይመስለውና እንደገና ይነፋል። በቀን ሁለቴ የነበረው አራቴ፣ ከዚያም ስድስቴ ይሆናል። ጉንፋኑ ከለቀቀ ሰንብቷል፤ አሁን አፍንጫውን የሚደፍነው ብልቃጡ ራሱ ነው። ነገሩ እንደ አራጣ ብድር ነው፤ ዛሬ ያበደረውን ትንፋሽ ነገ ከነወለዱ ያስከፍላል። ሐኪሞች ይህን ሕመም ራይናይቲስ ሜዲካሜንቶሳ ይሉታል፤ መድኃኒት ያመጣው የአፍንጫ ብግነት ማለታቸው ነው።

አሜሪካ ውስጥ በሚሸጡት ብልቃጦች ላይ የተጻፈው ገደብ ሦስት ቀን ነው። በሌሎች አገሮች አምስት ወይም ሰባት ቀን የሚል ይገኛል። ሦስት ቀን ላይ ማቆም ከሁሉም ይሻላል፤ ከአምስት ማለፍ ደግሞ አያስፈልግም። ማታ ማታ ብቻ መንፋትም ቀኑን ከመቆጠር አያስቀረውም።

ደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት፣ ግላኮማ ያለበት፣ የእንቅርት ሆርሞኑ ከልክ በላይ የሆነ፣ በፕሮስቴት ዕጢ እብጠት ሽንት የሚቸግረው ሰው፣ እንዲሁም ማኦ አጋጅ የሚባሉትን የድብርት መድኃኒቶች የሚወስድ ሰው ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ሳያማክር ይህን ብልቃጥ ማንሳት የለበትም። ነፍሰ ጡርም እንዲሁ። እርግዝና በራሱ አፍንጫን ሊደፍን ይችላል፤ ከወሊድ በኋላ በሁለት ሳምንት ገደማ ይለቃል። ለወራት የሚቆይን መደፈን በሦስት ቀን መድኃኒት ማከም ሲሞከር ነው ልማዱ የሚጀምረው።

ለለመደው ሰው መውጫው

ወራትም ይሁን ዓመታት የተጠቀመ ሰው መውጣት ይችላል፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ግን ይከብዳሉ። አንዳንዱ በአንድ ጊዜ ያቆማል። ይህን ያልቻለ አንዱን ቀዳዳ ብቻ ነፃ ያወጣል፦ በቀኙ መንፋቱን ሙሉ በሙሉ ትቶ በግራው ብቻ ይቀጥላል። ቀኙ በራሱ መተንፈስ ሲጀምር ግራውንም ያቆማል። በዚህ መንገድ ማታ ማታ ሁለቱም ቀዳዳ ተደፍኖበት አይጨነቅም።

በዚያው ሰሞን ሐኪም ቀጥሎ የምናየውን ዘገምተኛውን ብልቃጥ ያዝዛል፤ እብጠቱን ቀስ እያለ ይቀንሳል። የጨው ውኃም ድርቀቱን ያለሰልሳል። ብዙ ሰው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አፍንጫው ይመለስለታል። ካልተመለሰ ከመጀመሪያው ሌላ ምክንያት ነበር ማለት ነው፤ አለርጂ፣ የአፍንጫ መካከለኛ ግድግዳ መጣመም ወይም ፖሊፕ የሚባለው በአፍንጫ ውስጥ የሚያድግ እብጠት ሊሆን ይችላል።

ዘገምተኛው ብልቃጥ

ፍሉቲካዞን፣ ሞሜታዞን፣ ቡዴሶናይድ፣ ቤክሎሜታዞን። በ«ዞን» ወይም በ«ናይድ» የሚያልቁት እነዚህ ስሞች የስቴሮይድ ቤተሰብ ናቸው። ስቴሮይድ ሲባል ሰው የሚፈራው ለረዥም ጊዜ የሚዋጠውንና የሚወጋውን እያሰበ ነው። በአፍንጫ የሚነፋው መጠን በማይክሮግራም የሚለካ ስለሆነ ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ነው። አሜሪካ ከእነዚህ ብልቃጦች ናዛኮርት የሚባለው በ2013፣ ፍሎናዝ የሚባለው በ2014 ያለ ማዘዣ እንዲሸጡ የፈቀደችውም አደጋቸው አነስተኛ ሆኖ ስለተገኘ ነው።

እነዚህ መድኃኒቶች የደም ሥርን ጨምቀው አያጠብቡም። ሽፋኑን ያስቆጣውን የብግነት ሂደት ከሥሩ ያበርዳሉ፤ ይህ ደግሞ ጊዜ ይወስዳል። በመጀመሪያው ቀን ጥቂት መሻሻል የሚሰማው ሰው አለ። ሙሉ ውጤቱ የሚታየው ግን በየቀኑ ሳይቋረጥ ሲወሰድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ሲደፈን ብቻ አንስቶ መንፋት ሙሉ ውጤቱን አይሰጥም።

ዋናው ቦታቸው አለርጂ ነው። ባገራችን አፍንጫው የሚደፈን፣ የሚያስነጥሰው፣ ግንባሩ የሚከብደው ሰው ሁሉ «ሳይነስ አለብኝ» ይላል። አሞክሲሲሊን ገዝቶ የሚውጥም ጥቂት አይደለም። ማሳከክ፣ ተከታታይ ማስነጠስ፣ እንደ ውኃ የቀጠነ ፈሳሽና የዓይን ማልቀስ ካሉ ግን ነገሩ አለርጂ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ አንቲባዮቲክ ደግሞ አለርጂንም ጉንፋንንም አይነካም። የአለርጂው ምክንያት የፍራሽና የብርድ ልብስ አቧራ፣ በረሮ፣ ድመት ወይም ክረምቱ ሲወጣ የሚያብበው ሣር ሊሆን ይችላል። ምንም አለርጂ ሳይኖርበት የከሰል ጭስ፣ ሽቶ ወይም ቡና ሲፈላ የሚጨሰው ዕጣን አፍንጫውን የሚዘጋበት ሰውም አለ። አንሶላን በየሳምንቱ በሙቅ ውኃ ማጠብና ዕጣኑን ከክፍሉ ማውጣት መድኃኒቱን ያግዙታል።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ አለ። ለኤችአይቪ ከሚሰጡት መድኃኒቶች መካከል ሪቶናቪር ወይም ኮቢሲስታት ያለባቸው፣ ጉበት ስቴሮይዱን እንዳያፈርስ ያግዱታል። በተለይ ፍሉቲካዞን በዚህ ምክንያት በደም ውስጥ ሊጠራቀም፣ ፊትን ሊያሳብጥና የሰውነትን የራሱን ሆርሞን ሊያቆም ይችላል። ቡዴሶናይድም ከዚህ ነፃ አይደለም። እነዚህን መድኃኒቶች የሚወስድ ሰው ብልቃጡን ለሚያዝዝለት ሐኪም ይህን መናገር አለበት፤ በቤክሎሜታዞን መተካት የሚቻልበት ሁኔታ አለ።

እጅና አቅጣጫ

መድኃኒቱ ትክክል ሆኖ አነፋፉ ሲሳሳት ውጤቱ ይጠፋል። የተለመደው አነፋፍ ራስን ወደ ኋላ ቀልብሶ፣ ብልቃጡን ቀጥ አድርጎ ሽቅብ መንፋትና በኃይል መሳብ ነው። እንዲህ ሲደረግ መድኃኒቱ ተርቢኔቶቹን አልፎ ጉሮሮ ይገባል። ጉሮሮ ላይ መራራ ጣዕም የሚሰማው ሰው መድኃኒቱን ውጦታል ማለት ነው።

ሁለተኛው ስሕተት አቅጣጫው ነው። በቀኝ እጅ ይዞ በቀኝ ቀዳዳ ሲነፋ የብልቃጡ አፍ ሳይታወቅ ወደ መሐል ይዞራል፤ ርጭቱ ሁለቱን ቀዳዳዎች በሚለየው ግድግዳ ላይ ያርፋል። ያ ግድግዳ ስስ ነው፤ የደም ሥሮቹም ለላይ ቅርብ ናቸው። ስቴሮይድ በየቀኑ ሲያርፍበት ይደርቃል፤ ይቆስላል፤ ይደማል። ነስር የእነዚህ ብልቃጦች ዋና ቅሬታ የሆነው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው።

ትክክለኛው አነፋፍ ይህ ነው። መጀመሪያ በቀስታ ይናፈጡ፤ አንዱን ቀዳዳ ይዘው በሌላው፣ ተራ በተራ። ብልቃጡን ይነቅንቁ። አዲስ ከሆነ ወይም ብዙ ቀን ከቆየ፣ ጭጋግ የመሰለ ርጭት እስኪወጣ ድረስ ወደ አየር ይንፉ። ራስዎን ወደ ፊት ትንሽ ዘንበል ያድርጉ፤ ጫማዎን እንደሚያዩ ያህል። ለቀኝ ቀዳዳ ግራ እጅዎን፣ ለግራ ቀዳዳ ቀኝ እጅዎን ይጠቀሙ፤ እጅ ሲሻገር አፉ በራሱ ወደ ውጭ፣ ወደ ጆሮ አቅጣጫ ይዞራል። ጥቂት ብቻ አስገብተው እየነፉ በዝግታ ይሳቡ፤ አበባ እንደሚያሸቱ እንጂ እንደሚያንኮራፉ አይሁን። ለጥቂት ደቂቃዎች አይናፈጡ። አፉን በንጹሕ ሶፍት ጠርገው ክዳኑን ይመልሱ።

ብልቃጥ አይዋዋሱም። አፉ አፍንጫ በነካ ቁጥር ንፍጥ ይይዛል፤ ቫይረሱ ወደሚቀጥለው ሰው ይሻገራል። የተከፈተበትን ቀን በእስክሪብቶ ይጻፉበት፤ ከተከፈተ ከ28 ቀን በኋላ ይጣል የሚል ብልቃጥ አለ። ጠብታ ከሆነ ደግሞ አወሳሰዱ ይለያል፤ አልጋ ላይ ተንጋለው፣ ራስዎ ከትራሱ ወደ ታች ዘመም ብሎ ያንጠባጥቡ።

ጨውና ውኃ

ሦስተኛው ብልቃጥ ከሁሉ ያነሰ የሚያሰጋ፣ ብዙ ጊዜም የሚናቅ ነው። የጨው ውኃ ያበጠውን ሥጋ አያሟሽሽም፤ የደረቀውን ንፍጥ ያለሰልሳል፤ አቧራውንና የአለርጂ ብናኙን አጥቦ ያወጣል፤ ሲሊያዎቹ እንዲሠሩ ያግዛል። ገደብ የለውም፤ ልማድ አያመጣም፤ ለሕፃንም ለነፍሰ ጡርም ይሆናል። ስቴሮይድ ከመንፋት በፊት ቢታጠቡበት መድኃኒቱ ንጹሕ ሽፋን ላይ ያርፋል።

ከፋርማሲ ተዘጋጅቶ የሚገዛው 0.9 በመቶ ጨው የያዘው ነው። በቤት ሲዘጋጅ ለአንድ ሊትር ውኃ 9 ግራም ጨው ይበቃል፤ ከማንኪያው አፍ የማያልፍ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። ከቆነጠጠ፣ ጥቂት ቤኪንግ ሶዳ ይለዝበዋል። አዮዲን የሌለው ንጹሕ ጨው ከተገኘ ይመረጣል። የተረፈው በማግሥቱ ይደፋ።

ከጨው ይልቅ ጥንቃቄ የሚፈልገው ውኃው ነው። በ2011 አሜሪካ ሉዊዚያና ውስጥ ሁለት ሰዎች በቧንቧ ውኃ አፍንጫቸውን ካጠቡ በኋላ ኔግሌሪያ ፋውለሪ በሚባል አሜባ ሞተዋል። ይህ አሜባ ቢጠጣ ሆድ ውስጥ ይሞታል፤ በአፍንጫ ሲገባ ግን የማሽተት ነርቭን ተከትሎ አንጎል ይደርሳል። አጋጣሚው እጅግ ብርቅ ነው፤ መከላከያው ግን ማፍላት ብቻ ስለሆነ የሚታለፍ አይደለም።

ማፍላትም በከፍታ ይለያያል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ለቆላ አንድ ደቂቃ፣ ከ2,000 ሜትር ገደማ በላይ ለሆነ ቦታ ሦስት ደቂቃ ይመክራል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ላይ ባለችው አዲስ አበባ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ነው፤ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ጎንደር፣ ደሴ ወይም አዲስ አበባ ያለ ሰው ውኃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቁጠር፤ ከዚያ ከድኖ ያቀዝቅዝ። ማጠቢያ ዕቃውም በየጊዜው ታጥቦ ይድረቅ።

እንፋሎት፣ ዳማከሴ፣ ቪክስና እንክብል

ከብልቃጥ በፊት የነበሩትም ቦታ አላቸው፤ የሚያደርጉትንና የማያደርጉትን መለየት ግን ይገባል። ሜንቶል ያለባቸው እንደ ቪክስ ያሉ ቅባቶች አፍንጫን አይከፍቱም። ብሪታንያዊው ተመራማሪ ሮን ኤክልስ አየሩ ምን ያህል እንደሚያልፍ በመሣሪያ ለክቶ ያሳየው ይህንን ነው፤ የአየሩ መጠን አይለወጥም፤ ሜንቶሉ ግን ቅዝቃዜ የሚያውቁትን ነርቮች ስለሚያነቃ ሰውየው የተከፈተ ይመስለዋል። ለመተኛት ያህል ይህም ጥቅም ነው። ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ግን አይቀባም፤ አፍንጫ ውስጥም አይደረግም።

የትኩስ መጠጥም ነገር ከዚህ ይቀራረባል። የዝንጅብል ሻይ ጉሮሮን ያለሰልሳል፤ ስሜትን ያሻሽላል፤ ሲለካ ግን የአየሩ ፍሰት ብዙም አይለወጥም። ባሕር ዛፍ ቀቅሎ ፎጣ ተከናንቦ መታጠን ንፍጡን ያላላል፤ አደጋው የፈላው ድስት ነው። ልጅ ባለበት ቤት የእንፋሎት መታጠን የሚያመጣው ቃጠሎ ከጉንፋኑ የከፋ ነው። ሙቅ ሻወር የሚሰጠው እንፋሎት ይበቃል። ዳማከሴን አሽቶ ማሽተት የሚጎዳ አይደለም። የተጨመቀ ቅጠል ውኃ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቅቤ ወይም ዘይት አፍንጫ ውስጥ ማንጠባጠብ ግን ሌላ ነገር ነው። ነጭ ሽንኩርቱ ሽፋኑን ያቃጥላል፤ ቅባቱ ደግሞ ወደ ሳንባ ሾልኮ የሳንባ ምች ሊያመጣ ይችላል። ዚንክ ያለበት የአፍንጫ ጄልም እንዲሁ አይነካም፤ በ2009 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የማሽተት ችሎታ እያጠፋ ስለተገኘ ሕዝቡ እንዳይጠቀምበት አስጠንቅቋል።

ስለ እንክብሎች ደግሞ፣ ዘመድ ከአሜሪካ በሻንጣ በሚልካቸው ብዙ የጉንፋን ክኒኖች ውስጥ ፌኒሌፍሪን አለ። በመስከረም 2023 የአሜሪካው አስተዳደር የባለሙያዎች ሸንጎ መረጃውን መርምሮ በአፍ የሚዋጥ ፌኒሌፍሪን የተደፈነ አፍንጫን እንደማይከፍት በሙሉ ድምፅ ወሰነ፤ በ2024 ማብቂያም አስተዳደሩ ከገበያ እንዲወጣ ሐሳብ አቀረበ። መርዛማ ሆኖ ሳይሆን አንጀትና ጉበት ስለሚያፈርሱት አፍንጫ የሚደርሰው ጥቂት ስለሆነ ነው። ሱዶኤፌድሪን የሚባለው ሌላው እንክብል ይሠራል፤ ነገር ግን ግፊት ይጨምራል፤ እንቅልፍም ይከለክላል።

ሕፃናት

ጨቅላ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚተነፍሰው በአፍንጫው ነው። አፍንጫው ሲደፈን መጥባት ያቅተዋል፤ ጡቱን ይይዛል፣ ይለቃል፣ ያለቅሳል። ከመጥባቱ ጥቂት ቀደም ብሎ በየቀዳዳው አንድ ሁለት ጠብታ የጨው ውኃ አድርጎ ንፍጡን በጎማ መምጠጫ በቀስታ መምጠጥ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃዋል።

የአዋቂ ብልቃጥ ለሕፃን አይሰጥም። ከስድስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ፈጣኑን ብልቃጥ ሐኪም ካላዘዘ አይነካም። ከመንፋት ይበልጥ የሚያሰጋው መጠጣቱ ነው፤ የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2012 እንዳስጠነቀቀው ከእነዚህ መድኃኒቶች አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሊትር የጠጣ ትንሽ ልጅ በእንቅልፍ ሊደነዝዝ፣ የልቡ ምት ሊወርድ፣ ትንፋሹ ሊቀንስ ይችላል። ማለትም ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ያነሰ መጠን ነው። ብልቃጡ ከራስጌ ላይ ወይም ከእጅ ቦርሳ ውስጥ ወጥቶ ልጅ የማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ። የጠጣ ልጅ ካለ ምልክት ሳይጠብቁ ብልቃጡን ይዞ ሆስፒታል መሄድ ነው።

ብልቃጥ የማይበቃበት ጊዜ

ጉንፋን በሳምንት ገደማ ማቅለል ይጀምራል። ከአሥር ቀን በላይ ሳይሻል ከቆየ፣ ወይም ሊሻል ከጀመረ በኋላ ትኩሳትና የፊት ሕመም ይዞ ከተመለሰ የሳይነስ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል መመርመር ይገባል። በዓይን ዙሪያ እብጠት፣ የእይታ መደብዘዝ ወይም ከባድ ራስ ምታት ከመጣ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ዕለት ሐኪም ዘንድ ነው። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ከአንድ ቀዳዳ ጥርት ያለ ውኃ ከፈሰሰውም እንዲሁ፤ ያ ፈሳሽ ከአንጎል ዙሪያ የሚመጣ ሊሆን ይችላል።

በአንድ ወገን ብቻ ስላለ መደፈን ለየብቻ ማሰብ ያስፈልጋል። ልጅ ሆኖ ከአንድ ቀዳዳ የሚሸት ፈሳሽ ከወጣው ባቄላ፣ በቆሎ ወይም ዶቃ ከትቶ ሊሆን ይችላል። በወረንጦ ለማውጣት መሞከር ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ ይልቅ ሐኪም ያውጣው። አዋቂ ሆኖ አንድ ቀዳዳው ብቻ ለሳምንታት ከተደፈነ፣ በተለይ ደም ከቀላቀለ ወይም ማሽተት ካቃተው፣ ሌላ ብልቃጥ ከመግዛቱ በፊት በጆሮ፣ በአፍንጫና በጉሮሮ ሐኪም መታየት አለበት። ሐኪሙ መብራት ያለው ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ውስጡን የሚያየው በጥቂት ደቂቃዎች ነው። ፖሊፕም ይሁን የተጣመመ ግድግዳ፣ አልፎ አልፎም ዕጢ ቢሆን፣ ምን እንደሆነ የሚታወቀው በዚያን ጊዜ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን የሚነፋው ሁሉ ግምት ብቻ ነው።